ርካሹ መንገድ የቱ ነው? የባሕር ማዶ ጉዞ ወጪ ከመተማ መስመር አንጻር

በምዕራብ ጎንደር ዞን የምትገኘው መተማ ዮሐንስ ኢትዮጵያን ከሱዳን ጋር ከሚያገናኙ የየብስ በሮች ዋነኛዋ ናት። ከአዘዞ ተነስቶ በአይከል፣ በነጋዴ ባሕርና በገንዳ ውኃ በኩል 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ቆላው የሚወርደው አውራ ጎዳና በዚህች ከተማ ያበቃል። ድልድዩን የተሻገረ መንገደኛም ጋላባት ይገባል። በዚሁ ጎዳና ሰሊጥ፣ ጥጥና ማሽላ የጫኑ ተሽከርካሪዎች ሲመላለሱ ኖረዋል። ኑሮውን በባሕር ማዶ ለማሻሻል የተነሳ ወጣትም ለብዙ ዓመታት በዚሁ መስመር ሲያልፍ ቆይቷል።

በአካባቢው ሥር ሰዶ የኖረ አንድ አመለካከት አለ። ይኸውም በአውሮፕላን ወደ ውጭ አገር መሄድ ገንዘብ ላለው ብቻ የሚሆን ነው፣ በመተማ በኩል በየብስ መውጣት ግን አቅም ለሌለው የቀረበ ርካሽ መንገድ ነው የሚለው ነው። ይህ አመለካከት የሁለቱን መንገዶች ሙሉ ወጪ አስልቶ የደረሰበት መደምደሚያ አይደለም። የአየር ትኬት ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲነገር ከፍ ብሎ ይሰማል። የየብሱ ጉዞ ዋጋ ደግሞ በየምዕራፉ እየተቆራረጠ ስለሚጠየቅ መነሻው ላይ ትንሽ መስሎ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የባሕር ማዶ ጉዞ ወጪ እንዴት እንደሚሰላ፣ ትኬቱን በሕግ የሚከፍለው ማን እንደሆነና መንገደኛው ራሱ በሚከፍልበት ጊዜ ወጪውን እንዴት መቀነስ እንደሚችል መመልከት ነው። ጉዳዩ በቅድሚያ የሚመለከተው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ሕዝብን የሚያገለግለውን ሠራተኛ ነው። ባለጉዳዩ ከደላላው ጋር ከመስማማቱ በፊት ሊያገኘው የሚችለው የመንግሥት አካል እሱ ነውና።

የመተላለፊያው በር ታሪክ

መተማ የመንገደኞች ከተማ መሆን የጀመረችው በቅርብ ጊዜ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በመተማና በጋላባት አካባቢ በብዛት ሰፍረው የነበሩት ተክሩሮች ከዳርፉርና ከዚያም ባሻገር ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ ወደ መካ ለሐጅ ከሚደረገው ጉዞ ጋር በተያያዘ በዚህ ስፍራ የቀሩ ነበሩ። በዚያ ዘመን የሐጅ ጉዞ ዓመታት ይፈጅ ነበር። መንገደኛውም ስንቁ ሲያልቅ በየደረሰበት እየሠራና እያረሰ ነበር የሚቀጥለው። ከተማዋ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከማኅዲስቶች ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁባት ስፍራ በመሆኗም በአገራችን ታሪክ ትታወሳለች። ዛሬ የምትጠራበትን ስም ያገኘችውም ከዚሁ የተነሳ ነው።

የአየር ትራንስፖርት ይህንን የርቀት ስሌት ለውጦታል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ወር የመጀመሪያውን በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በአሁኑ ወቅት ከአዲስ አበባ ወደ ጅዳ፣ ወደ ሪያድ ወይም ወደ ዱባይ የሚደረገው በረራ የሚጠይቀው ጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። የጎንደር ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የሚገኘውም የመተማ መንገድ በሚነሳበት በአዘዞ ነው። ስለሆነም ከቆላው የሚነሳ መንገደኛ የአየር ጉዞ የሚጀምርበትን ቦታ ለማግኘት ድንበር መሻገር አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው ያንኑ ጎዳና በተቃራኒው አቅጣጫ መውጣት ነው።

ርካሽ የተባለው ጉዞ

በጥቅምት 2006 ዓ.ም. መንግሥት በዜጎች ላይ ይደርስ የነበረውን በደል ለመከላከል ወደ መካከለኛው ምሥራቅ የሚደረገውን የሥራ ስምሪት ለጊዜው አግዶ ነበር። እገዳው የተነሳው በ2010 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ለሥራ የሚፈልሰው ሰው ቁጥር በእገዳው ምክንያት አልቆመም። ሕጋዊው በር በተዘጋ ጊዜ የመተማና የሌሎች የድንበር መስመሮች ደላሎች ገበያ ደራ። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በወገኖቻችን ላይ የተፈጸመው አሰቃቂ ግድያ አገር በሐዘን በተቀመጠበት ወቅት፣ በሱዳን በኩል አልፎ ሰሐራን የሚያቋርጠው መስመር ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል በግልጽ ታይቷል።

የሕገወጥ አዘዋዋሪዎች የክፍያ ሥርዓት ልብ ሊባል ይገባል። ብዙ ጊዜ መነሻው ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ እንዲያውም «ስትደርስ ትከፍላለህ» ተብሎ ያለ ክፍያ የሚነሳ ወጣት አለ። ድንበሩ ከተሻገረ በኋላ በየተራው አዲስ ክፍያ ይመጣል። በመጨረሻም በሊቢያ በረሃ በሚገኙ ማጎሪያዎች የተያዘው ወጣት በስልክ ወላጆቹን እንዲለምን ይገደዳል። በአገር ቤት ያለው ቤተሰብ በሬውንና መሬቱን ሸጦ ወይም አከራይቶ፣ ከዘመድ ተበድሮ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይልካል። እዚህ ላይ ርካሽ ተብሎ የተጀመረው ጉዞ ከአየር ትኬት ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ዋጋ ያስከፍላል። የሰው ሕይወት ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት የየብሱን መስመር ስሌት ጨርሶ አፍርሶታል። ቀደም ሲል ወደ ካርቱም የሚሄድ ሰው ቢያንስ ሥራ የሚያገኝበት፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ለመብረር የሚሞክርበት ከተማ ነበረው። ጦርነቱ የተጀመረው በራሱ በካርቱም ሲሆን፣ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያም ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የውጊያ ቀጣና ሆነ። በዚያው ወር የሕዝቡ ፍልሰት አቅጣጫ ተገልብጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ ተመላሽ ኢትዮጵያውያንና የበርካታ አገሮች ዜጎች ወደ መተማ ገቡ። ከነዚህ መካከል የቱርክ ዜጎችን ጨምሮ ብዙ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው የተመለሱት በኢትዮጵያ በኩል በአውሮፕላን ነው። ከካርቱም የሸሸ ሰው አውሮፕላን ለማግኘት ወደ ኢትዮጵያ በመጣበት ሁኔታ፣ ከመተማ ተነስቶ በካርቱም በኩል ወደ ባሕር ማዶ ለመሄድ የሚያስብ ሰው በተሳሳተ መረጃ ላይ የቆመ ነው። የጋላባት መተላለፊያ በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ በጸጥታ ምክንያት ተዘግቶ እንደነበርም መታወስ አለበት።

ትኬቱን የሚከፍለው ማን ነው?

በሕጋዊ መንገድ ለሥራ የሚሄድ ሰው የአየር ትኬቱን እንዲከፍል አይጠበቅበትም። ይህ ብዙ ባለጉዳዮች የማያውቁት፣ ደላሎችም እንዲታወቅ የማይፈልጉት ነጥብ ነው። የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 በአሠሪው የሚሸፈኑትን ወጪዎች ሲዘረዝር የመግቢያ ቪዛን፣ የደርሶ መልስ መጓጓዣን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድን እንዲሁም የመድን ሽፋንን አካትቷል። ለሠራተኛው የተተውለት የፓስፖርት ማውጫ፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የሥራ ብቃት ማረጋገጫና በአገር ውስጥ የሚከናወኑ የሰነድ ማረጋገጫ ወጪዎች ናቸው። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል።

በድንጋጌው ውስጥ «ደርሶ መልስ» የሚለው ቃል በልዩ ትኩረት ሊታይ ይገባል። መሄጃውን ብቻ ያገኘ ሠራተኛ መመለሻው በሌላ ሰው እጅ ነው። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ በተመለሱበት ወቅት ትኬት የመክፈል አቅም የነበራቸው ጥቂቶች ነበሩ። የመመለሱ ሸክም በመንግሥትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ላይ ወደቀ። የመመለሻ ትኬት በውል መረጋገጡ ለሠራተኛው የመብት ጉዳይ ሲሆን ለአገርም የወጪ ጉዳይ ነው።

ይህ ማለት በአውሮፕላን የሚደረግ ጉዞ ሁሉ ሕጋዊ ነው ማለት አይደለም። በጉብኝት ቪዛ ወጥተው በሄዱበት አገር ሥራ እንዲፈልጉ የሚመከሩ ወጣቶች አሉ። እነዚህ ሰዎች የቪዛውንም የትኬቱንም ዋጋ ራሳቸው ይከፍላሉ፤ የተመዘገበ የሥራ ውልና የመድን ዋስትና አይኖራቸውም፤ ቪዛው ሲያበቃም ሕገወጥ ነዋሪ ይሆናሉ። በመሆኑም አንድ ባለጉዳይ «ትኬት ግዛ» ሲባል ሊጠይቅ የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ዋጋው መሆን የለበትም። «ለሥራ የምሄድ ከሆነ ለምን እኔ እከፍላለሁ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል።

ተመሳሳይ መርሕ በመንግሥት ሠራተኛው ዘንድም ይታወቃል። በሕንድ፣ በቻይና፣ በጃፓንና በሌሎች አገሮች መንግሥታት ድጋፍ የሚሰጡ አጫጭር ሥልጠናዎች አብዛኛውን ጊዜ የአየር ትኬትን በጋባዡ ወጪ የሚሸፍኑ ናቸው። ሠልጣኙ ግብዣውን አንብቦ ማን ምን እንደሚከፍል ሳያረጋግጥ ከኪሱ ትኬት አይገዛም። ይኸው ጥንቃቄ ለቆላው ወጣት ሊደርስ ይገባዋል።

የትኬት ዋጋ እንዴት ይወሰናል?

መንገደኛው ራሱ የሚከፍልበት ጉዞም ብዙ ነው። ለሕክምና፣ ለቤተሰብ ጥየቃ፣ ለንግድ፣ ለትምህርትና ለዑምራ የሚደረጉ ጉዞዎች በዚህ ምድብ ይጠቃለላሉ። የሐጅ ጉዞ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት አስተባባሪነት በጥቅል ክፍያ የሚካሄድ በመሆኑ ሑጃጁ በተናጠል የሚገዛው ትኬት አይደለም።

በአንድ አውሮፕላን ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት መንገደኞች እኩል ዋጋ ላይከፍሉ ይችላሉ። አየር መንገዶች የአንድን በረራ መቀመጫዎች በተለያየ የዋጋ ደረጃ ከፋፍለው ይሸጣሉ። በዝቅተኛው ደረጃ የተመደቡት ቁጥራቸው የተወሰነ ሲሆን እነሱ ሲያልቁ ቀጣዩ ከፍ ያለ ደረጃ ይከፈታል። ቀድሞ የገዛ ረክሶ የሚገዛው በዚህ ምክንያት ነው። በአንጻሩ ርካሹ ደረጃ ጥብቅ ሁኔታዎች አሉት፤ ቀን ለመቀየር ቅጣት ይጠይቃል፣ አንዳንዱም ገንዘብ አይመልስም። ስለዚህ ቪዛው ያልተረጋገጠለት መንገደኛ የማይመለስ ትኬት መግዛቱ ቁጠባ አይሆንም። ትክክለኛው ቅደም ተከተል ፓስፖርት፣ ከዚያ ቪዛ፣ በመጨረሻም ትኬት ነው። ቪዛ ለመጠየቅ የጉዞ ዕቅድ የሚያስፈልግ ከሆነም ሳይከፈልበት የሚያዝ የመቀመጫ ምዝገባ ወይም ገንዘቡ የሚመለስ ትኬት መጠየቅ ይቻላል።

ወቅትም ዋጋን ይወስናል። በረመዳን ወደ ጅዳና መዲና የሚሄደው ሕዝብ ይበዛል። በሐምሌና በነሐሴ እንዲሁም ለገናና ለጥምቀት ከአሜሪካና ከአውሮፓ ወደ አገር ቤት የሚመጣው ወገናችን ቁጥር ከፍ ይላል። እዚህ ላይ አቅጣጫን መለየት ይጠቅማል። በታኅሣሥ የሚጨናነቀው ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በረራ ሲሆን፣ ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ተመላሹ መንገደኛ የሚሞላው ከአዲስ አበባ የሚነሳውን ነው። ቀኑን በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ማራቅ፣ ከሳምንቱ መጨረሻ ይልቅ የሳምንቱን መካከል መምረጥ ያለ ተጨማሪ ድካም ወጪን ሊቀንስ ይችላል።

ከቦሌ የሚነሳ መንገደኛ ምርጫ አለው። ከኢትዮጵያ አየር መንገድ ሌላ የሳዑዲ፣ የኤምሬትስ፣ የኳታር፣ የቱርክና የግብፅ አየር መንገዶች አዲስ አበባን በበረራ ያገናኛሉ። ቀጥታ በረራ ጊዜ ይቆጥባል፤ በሌላ ከተማ የሚያሸጋግረው አንዳንድ ጊዜ ይረክሳል። ዋጋ ሲነጻጸር ግን የሚፈቀደው የሻንጣ ክብደት፣ በመሸጋገሪያው አገር ቪዛ ማስፈለጉና የሚጠበቀው ሰዓት ርዝመት አብረው ሊታዩ ይገባል። ለመሸጋገሪያ ቪዛና ለሆቴል የሚወጣው ገንዘብ የዋጋውን ልዩነት የሚበላበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

የውጭ ምንዛሪም ከዋጋው ጋር ተያይዟል። ዓለም አቀፍ የትኬት ዋጋ በመሠረቱ በውጭ ገንዘብ የሚሰላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ቀድሞ ከ60 ብር በታች ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ስለሆነም ካለፈው ዓመት መንገደኛ የተሰማ የብር ዋጋ ለዘንድሮው ዕቅድ መነሻ አይሆንም።

ከቆላው ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ

ከመተማ፣ ከቋራ ወይም ከምዕራብ አርማጭሆ የሚነሳ መንገደኛ ዓለም አቀፉን ትኬት ብቻ አስቦ ዕቅድ ማውጣት አይችልም። ከጎንደር እስከ አዲስ አበባ በየብስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከዚህም ሌላ ከቆላው እስከ ጎንደር የሚደረገው ጉዞ አለ። በመንገዱ ላይ ያለው የጸጥታ ሁኔታ ሲለዋወጥ በመቆየቱም የጉዞ ሰዓትን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልሉ በተፈጠረው የጸጥታ ችግር ምክንያት ወደ ጎንደር የሚደረገው በረራ ራሱ ለቀናት ተቋርጦ ነበር።

በዚህ ሁኔታ የጎንደር–አዲስ አበባን በረራና ዓለም አቀፉን በረራ በአንድ ትኬት መግዛት ጥቅም አለው። አንዱ በረራ ዘግይቶ ቀጣዩ ቢያመልጥ አየር መንገዱ መንገደኛውን በሌላ በረራ የማሳፈር ኃላፊነት ይኖርበታል። ሻንጣውም ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው መዳረሻ ይመዘገባል። በሁለት የተለያዩ ትኬቶች ወይም በአውቶቡስ ቦሌ የሚደርስ ሰው ግን ቢዘገይ ኪሳራው የራሱ ነው። በአውቶቡስ የሚሄድ ሰው ቢያንስ አንድ ትርፍ ቀን መያዝ ይኖርበታል። የዚያ ቀን የመኝታ ወጪ ከጠፋ ዓለም አቀፍ ትኬት ጋር ሲወዳደር ኢምንት ነው።

ሌላው የቆላው ልዩ ችግር የገንዘብ መግቢያ ወቅት ነው። የሰሊጥ አምራቹም ሆነ የቀን ሠራተኛው ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራው ተሰብስቦ ሲሸጥ፣ ማለትም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። ርካሽ ትኬት ግን ቀድሞ የተዘጋጀ ገንዘብ ይፈልጋል። የጉዞውን ወር ከገንዘቡ መግቢያ ጋር አስማምቶ መምረጥ፣ ማለትም የታኅሣሥን ገንዘብ ለየካቲት ወይም ለመጋቢት ጉዞ ማዋል ከሁሉም የተሻለ ዘዴ ነው። የፓስፖርትንም ጉዳይ ከዚያ በፊት በክረምቱ ወራት መጀመር ይቻላል። የአስቸኳይ ፓስፖርት ክፍያ ከመደበኛው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ በመሆኑ፣ የዘገየ ሰው ከትኬቱ ያተረፈውን በዚህ ያጣዋል። ብዙ አገሮች ፓስፖርቱ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል እንዲሆን እንደሚጠይቁም መዘንጋት የለበትም።

ስም፣ ቀንና ሰዓት

በርካታ መንገደኞች ገንዘባቸውን የሚያጡት በዋጋ መናር ሳይሆን በሦስት ቀላል ስሕተቶች ነው። የመጀመሪያው የስም አጻጻፍ ነው። አንድ የኢትዮጵያ ስም በላቲን ፊደል በብዙ መንገድ ሊጻፍ ይችላል። በቀበሌ መታወቂያ፣ በትምህርት ማስረጃና በፓስፖርት የተለያየ ሆኖ የተጻፈ ስም ትኬት ሲገዛ አራተኛ መልክ ሊይዝ ይችላል። ትኬቱ ላይ ሊጻፍ የሚገባው በፓስፖርቱ ላይ ያለው ነው፤ ፊደል በፊደል።

ሁለተኛው የዘመንና የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። በትኬቱ ላይ የሚጻፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ለምሳሌ ትኬቱ ኖቬምበር 15 ከ01:30 የሚል ከሆነ፣ በዘልማድ ኅዳር 6 ቀን ነው ተብሎ ይተረጎማል። ሆኖም 01:30 በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7:30 ሰዓት ሲሆን፣ ፈረንጆች ቀኑን የሚቀይሩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ መንገደኛው ቦሌ መገኘት ያለበት በኅዳር 5 ምሽት፣ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ከምሽቱ 4:30 ላይ ነው። በኅዳር 6 ምሽት የመጣ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላ ተቃርቧል።

ሦስተኛው ምዝገባንና ትኬትን አለመለየት ነው። ደላሎች «ትኬትህ ይኸው» ብለው የሚያሳዩት ወረቀት ብዙ ጊዜ ያልተከፈለበት የመቀመጫ ምዝገባ ነው። ምዝገባ በስድስት ፊደላትና አኃዞች የሚታወቅ መለያ አለው፤ ካልተከፈለበት በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ይሰረዛል። የተከፈለበት ትኬት ግን ባለ 13 አኃዝ ቁጥር ይኖረዋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የትኬት ቁጥር በ071 ይጀምራል። ቁጥሩን ይዞ በአየር መንገዱ ቢሮ ወይም ድረ ገጽ ማጣራት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ክፍያውንም በባንክ ወይም በቴሌብር በቀጥታ ለአየር መንገዱ መፈጸም ገንዘብን በደላላ እጅ ከማስቀመጥ ያድናል።

ከመንግሥት ሠራተኛው ምን ይጠበቃል?

ሕገወጥ ዝውውርን ለመከላከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1178 በአዘዋዋሪዎች ላይ ከባድ ቅጣት ይደነግጋል። ቅጣት ግን የሚመጣው ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ጉዳቱ ሳይደርስ የሚከላከለው መረጃ ነው። በዚህ ረገድ መታመን ያለበት እውነት ደላላው ከጽሕፈት ቤቱ ይልቅ ለወጣቱ ቅርብ መሆኑ ነው። ደላላው በሻይ ቤት፣ በእርሻ ካምፕና በመናኸሪያ ይገኛል፤ ለጥያቄ ሁሉ ወዲያው መልስ አለው። የጽሕፈት ቤቱ መልስ «ሌላ ቀን ተመለስ» የሚል ከሆነ ወጣቱ ወደ ማን እንደሚሄድ ግልጽ ነው።

በመሆኑም የወረዳ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤቶች በሕግ በአሠሪው የሚሸፈኑና በሠራተኛው የሚሸፈኑ ወጪዎችን በአንድ ገጽ፣ በግልጽ አማርኛ ጽፈው በቀበሌ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በመናኸሪያና በእርሻ ካምፖች ሊለጥፉ ይገባል። በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የምዝገባ ሥርዓት ያልታወቀ ኤጀንሲ ወይም የሥራ ውል ሲቀርብ ማጣራቱን በዕለቱ ማከናወን ያስፈልጋል። የቀበሌ ሠራተኞችም መታወቂያና የልደት ማስረጃ ሲሰጡ የስምንና የትውልድ ቀንን አንድነት ቢጠብቁ መንገደኛውን በኋላ ከሚደርስበት ኪሳራ ያድኑታል።

ከሁሉም በላይ ሥራው ወቅቱን የጠበቀ ሊሆን ይገባል። በየዓመቱ በብዙ ሺዎች የሚቆጠሩ የቀን ሠራተኞች ከደጋው ወደ መተማና አካባቢው የሰሊጥ እርሻዎች ይወርዳሉ። አዝመራው አልቆ ደሞዛቸውን የተቀበሉበት ሳምንት ደላላው የሚጠብቀው ሳምንት ነው። በዚያን ጊዜ ወጣቱ በኪሱ ገንዘብ አለው፤ ድንበሩም በቅርብ ርቀት ይታየዋል። የትምህርትና ቅስቀሳ ሥራ በጥር ወይም በየካቲት ቢካሄድ ለሪፖርት ይሆን ይሆናል እንጂ የሄደውን አይመልስም። መረጃው መድረስ ያለበት በመስከረም፣ ሠራተኛው ማጭዱን ከማንሳቱ በፊት ነው።

ለሥራ የሚሄድ ዜጋ የሕግ ከለላ ያለው ትኬት በአሠሪው ወጪ ሊያገኝ ይችላል። በራሱ ወጪ የሚሄደውም ቢሆን ከጥቂት ወራት በፊት ቢያቅድ ከጎንደር ተነስቶ በሰላም የሚደርስበት መንገድ አለው። በመተማ ድልድይ ላይ የሚጀመረው ጉዞ ርካሽ የሚመስለው ይህን የሚያውቅ ሰው በአቅራቢያው ሳይኖር ሲቀር ነው። ያ ሰው በየቀበሌው መኖሩን ማረጋገጥ ደግሞ አዲስ በጀት የሚጠይቅ ሳይሆን ያለውን ኃላፊነት በወቅቱ መወጣት የሚጠይቅ ተግባር ነው።